የሲኤንሲ ራውተር የቦታ ስህተትን ደረጃ በደረጃ ለይቶ ማስተካከል

አንድ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) 100 ሚሊ ሜትር እንዲቆርጥ ታዝዞ 99.6 ሚሊ ሜትር ቆርጦ ሲገኝ፣ ብዙዎች በቀጥታ ወደ መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ገብተው በአንድ ሚሊ ሜትር የሚላከውን የስቴፕ (የሞተሩ ትንሽ እርምጃ) ቁጥር ልኬቱ እስኪስማማ ድረስ ይጨምራሉ። ይህ አካሄድ ለዚያች አንዲት ልኬት ይሠራ ይሆናል። ይሁን እንጂ 0.4 ሚሊ ሜትሩ የጠፋው በላላ ዳዶ ምክንያት ከነበረ፣ ያው ማሽን በአዲሱ ቁጥር 500 ሚሊ ሜትር ቁረጥ ሲባል 501.6 ይቆርጣል። አንዱ ጥፋት ሳይወገድ ሌላ ተጨመረበት ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ የስቴፕ ቁጥሩ የሚነካው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ማሽኑ ወደ ተነሣበት ነጥብ በትክክል መመለሱ፣ አቅጣጫ ሲቀይር የሚባክን ክፍተት መኖር አለመኖሩ፣ ዘንጎቹም (ማሽኑ የሚንቀሳቀስባቸው አቅጣጫዎች) እርስ በርስ 90 ዲግሪ መሆናቸው ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉ የተመረጠው ለአመቺነት አይደለም፤ ከፊት ያለው ጥፋት ሳይታረም ከኋላ ያለውን መለካት ስለማይቻል ነው።

ለሥራው 0.01 ሚሊ ሜትር የሚያነብ ዳያል ኢንዲኬተር ከማግኔት መቆሚያው ጋር፣ ካሊፐር፣ ቢያንስ 1 ሜትር የሆነ የብረት ማስመሪያ፣ የአለን ቁልፎችና ቀጭን ማርከር ያስፈልጋሉ። በፍተሻው ጊዜ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ሞተር) እንዲሽከረከር ካልተፈለገ በቀር ከኃይል ምንጩ ይነቀል። ድራይቨሩ (ለስቴፐር ሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ኃይል እያለው የስቴፐር ሞተር ገመድ መንቀል ደግሞ ድራይቨሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል፣ ማናቸውንም ገመድ ከመንካትዎ በፊት ዋናውን ኃይል ያጥፉ።

የስህተቱን ጠባይ ማንበብ

አንድም ብሎን ሳይፈታ በፊት አንድ የሙከራ ቁራጭ ይቁረጡ። በውጭ 200 በ200 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፣ በመሐሉ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ፣ ከጎኑም 50 በ50 የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይኑረው። ሁሉንም ለክተው በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ምክንያቱም መልሱ ግማሽ በግማሽ እዚያው ቁጥሮቹ ውስጥ ይገኛል።

ስህተቱ ከርቀቱ ጋር እኩል እያደገ ከሄደ፣ ማለትም በ50 ላይ 0.1፣ በ100 ላይ 0.2፣ በ200 ላይ 0.4 ከሆነ፣ ነገሩ የስቴፕ ቁጥር ጉዳይ ነው። በሁሉም ርቀት ላይ መጠኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ወይ ባክላሽ (አቅጣጫ ሲቀየር የሚባክነው ክፍተት) ነው፣ ወይም የመቁረጫው ቢት ስፋት በትክክል አልተመዘገበም። እነዚህን ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። የቢቱ ስፋት ሲሳሳት የውጪው ልኬት ባደገበት መጠን የቀዳዳው ልኬት ያንሳል፤ በሁለቱም ዘንጎች ላይም እኩል ነው። ለምሳሌ 6 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተመዘገበው ቢት በእርግጥ 5.9 ከሆነ፣ የውጪው ልኬት በ0.1 ይተርፋል፣ ቀዳዳው በ0.1 ይጠባል። እንዲህ ያለውን ስህተት ለማረም ማሽኑን መንካት አያስፈልግም።

ክቡም ብዙ ይናገራል። ወደ ኤክስ ወይም ወደ ዋይ አቅጣጫ የተለጠጠ ክብ የአንዱን ዘንግ የስቴፕ ቁጥር ወይም ባክላሽ ያመለክታል። ወደ ማዕዘን ማለትም ወደ 45 ዲግሪ የተለጠጠ ክብ የዘንጎቹን መዛነፍ ያሳያል። ዘንጎቹ አቅጣጫ በሚቀይሩባቸው አራት ነጥቦች ላይ በጣት ጥፍር የሚዳሰስ ትንሽ እርከን ካለ ባክላሽ መኖሩ አያጠራጥርም።

በዚህ ደረጃ ላይ ፕሮግራሙንም አንድ ጊዜ ማየት ይገባል። ልኬቱ በ25.4 እጥፍ ከተሳሳተ ጂ20 እና ጂ21፣ ማለትም ኢንችና ሚሊ ሜትር፣ ተቀያይረዋል። ሥራው በሙሉ ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ጎን ሄዶ ከተገኘ የሥራውን መነሻ ነጥብ ከሚመርጡት ትእዛዞች ጂ54 በሚሠራበት ቦታ ጂ55 ተጠርቶ፣ ወይም ከቀድሞ ሥራ የቀረ የጂ92 ማካካሻ ሳይሰረዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ማዕዘኖች ብቻ ክብ ከሆኑና ቀጥታ መስመሮቹ ትክክል ከሆኑ ደግሞ ምክንያቱ ማዕዘንን አለዝቦ የሚያልፈው የጂ64 ትእዛዝ ነው፤ መስመሩን በትክክል የሚያስከትለው ጂ61 ሲጠራ ይቀራል።

ማሽኑ ወደ ተነሣበት ይመለሳል ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ዳያል ኢንዲኬተሩን በጠረጴዛው ላይ አስረው ጫፉን በስፒንድሉ አካል ላይ ያሳርፉ፤ ማሽኑም በዚያ ነጥብ ላይ ዜሮ ይሁን። ከዚያ ዘንጉን ወደ ሩቅ ወስዶ፣ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አመላልሶ፣ በመጨረሻም ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ወደ ዜሮ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ይጻፉ። ከአንድ አቅጣጫ መምጣቱ ባክላሹ በዚህ ፍተሻ ውስጥ እንዳይገባ ያደርገዋል። ምልልሱም ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ይሁን፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ መመለስ ምንም አያሳይም።

ፕሮግራሙን በሦስት ሁኔታ ያሂዱት። መጀመሪያ ስፒንድሉ ጠፍቶ በአየር ላይ፣ ቀጥሎ ስፒንድሉ እየዞረ በአየር ላይ፣ በመጨረሻም እንጨት እየቆረጠ። በመጀመሪያው ሁኔታ ስህተት ከታየ ችግሩ በእንቅስቃሴው ክፍል ውስጥ ነው። በሁለተኛው ብቻ ከታየ የስፒንድሉ ኢንቨርተር (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ወደ ምልክት ገመዶቹ ገብቷል። በሦስተኛው ብቻ ከታየ ደግሞ ማሽኑ የመቁረጡን ጫና አልቻለም፣ ወይም የሚቆረጠው ዕቃ ራሱ ከታሰረበት ተንሸራቷል። የዕቃውን ጠርዝ በማርከር ጠረጴዛው ላይ ማስመር ይህን የመጨረሻውን ጥርጣሬ በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል። በሦስቱም ሁኔታ ዳያሉ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቀጣዩን ክፍል ዘለው ወደ ባክላሹ ይሂዱ።

ስቴፕ ሲጠፋ

ዳያሉ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፣ የተረፈውን ልዩነት በትክክል ይመዝግቡ። መጠኑ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። የተለመደው ባለ 1.8 ዲግሪ ስቴፐር ሞተር በአንድ ዙር 200 ሙሉ ስቴፕ አለው፤ ጫና በዝቶበት ከቅንጅቱ ሲወጣ ግን የሚያመልጠው በአንድ ስቴፕ ሳይሆን በአራት ሙሉ ስቴፕ ብዜት ነው። ይህም የአንድ ዙር ሃምሳኛ ነው። በመሆኑም በአንድ ዙር የሚጓዘውን ርቀት ለ50 ያካፍሉ፤ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር በሚያስኬድ ቦል ስክሩ (እየዞረ ዘንጉን የሚገፋ ጠመዝማዛ ብረት) ላይ 0.1፣ ባለ 20 ጥርስ ፑሌጅያና የ2 ሚሊ ሜትር ጥርስ ርቀት ባለው ቺንጋ ላይ ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዳያሉ ላይ የተረፈው ቁጥር የዚህ ብዜት ከሆነ፣ ለምሳሌ በቦል ስክሩ ላይ 0.1 ወይም 0.3 ካነበበ፣ ሞተሩ በጉልበት ተሸንፏል ማለት ነው።

የጉልበት ችግር መሆኑን ለማረጋገጥ ፍጥነቱንም አክስለሬሽኑንም በግማሽ ቀንሰው ፍተሻውን ይድገሙ። ስህተቱ ከጠፋ ጥርጣሬው ተረጋግጧል፤ ሆኖም በተቀነሰው ቁጥር ረክቶ መቀመጥ ትክክል አይደለም። ኃይሉን አጥፍተው ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር በእጅ ይግፉት ወይም ስክሩውን በእጅ ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚከብድ ከሆነ ሀዲዶቹ እርስ በርስ ትይዩ አይደሉም፣ ወይም ስክሩው ጎብጧል። በሁሉም ቦታ ከከበደ ቅባት አጥቷል፣ አለዚያ በአቧራና በእንጨት ብናኝ ተጨናንቋል። መካኒካዊው ክፍል ነጻ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ድራይቨሩ ይሂዱና የተመደበው ኩረንት በሞተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉን ይመልከቱ። ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ጠንካራ ሆኖ በፍጥነት ሲሄድ የሚደክም ከሆነ፣ ኩረንት መጨመር ሙቀት ከማብዛት ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የሚያስፈልገው ድራይቨሩ በሚፈቅደው ገደብ ውስጥ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው።

የተረፈው ልዩነት የሃምሳኛው ብዜት ካልሆነና ትንንሽ ሆኖ እየተጠራቀመ የሚሄድ ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ8 ማይክሮስቴፕ (አንዱ ሙሉ ስቴፕ ለ8 ተከፍሎ) የሚሠራ የ5 ሚሊ ሜትር ስክሩ በአንድ ሚሊ ሜትር 320 ስቴፕ ስለሚቀበል አንዱ ማይክሮስቴፕ 0.003 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የስቴፕ ምልክቱ ፖላሪቲ (ምልክቱ ሲነሣ ወይም ሲወድቅ መቆጠሩ) ከድራይቨሩ ጋር ካልተስማማ፣ ወይም የአቅጣጫው ምልክት ከስቴፑ በበቂ ጊዜ ቀድሞ ካልደረሰ፣ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር አንድ ማይክሮስቴፕ ሊዛባ ይችላል። ቀጥታ መስመር ብቻ በሚቆርጥ ሥራ ላይ ይህ አይታወቅም፤ ወዲያና ወዲህ በሚመላለስ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ላይ ግን በ1000 የአቅጣጫ ለውጥ 3 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። መለያው ስህተቱ ከጊዜው ወይም ከርቀቱ ይልቅ ከአቅጣጫ ለውጦቹ ብዛት ጋር ማደጉ ነው። መፍትሔውም በመቆጣጠሪያው ውስጥ የስቴፑን ፖላሪቲ መገልበጥ፣ የምልክቱን ርዝመትና የአቅጣጫውን ቀዳሚ ጊዜ ደግሞ በድራይቨሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው በታች እንዳይሆን ማድረግ ነው።

ስፒንድሉ ሲነሣ ብቻ ለሚመጣው ስህተት፣ የስፒንድሉን ገመድ ከሞተርና ከምልክት ገመዶች አርቀው ያሳልፉ። የግድ መገናኘት ካለባቸውም በ90 ዲግሪ ይቋረጡ። የምልክት ገመዱ መከለያ በመቆጣጠሪያው በኩል ባለው ጫፍ ብቻ ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰር። በነገራችን ላይ ሊሚት ስዊች (የዘንጉን የጉዞ ዳር የሚያሳውቅ ማብሪያ) ላይ የሚገባ ረብሻ ማሽኑን በማንቂያ ያስቆመዋል እንጂ ቦታውን ቀስ በቀስ አያስለቅቀውም፤ ስለዚህ ለሚንሸራተት ልኬት ስዊቹን መክሰስ ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ሞተሩ ስቴፑን በሙሉ ተቀብሎ ኩፕሊንጉ (ሞተሩን ከስክሩው የሚያገናኘው ክፍል) ወይም ፑሌጅያው ሻፍቱ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። በማርከር ከሻፍቱ ወደ ኩፕሊንጉ የሚሻገር ቀጭን መስመር ያስምሩና ፍተሻውን ያሂዱ። መስመሩ ከተሰበረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ማጥበቂያው ብሎን በሻፍቱ ጠፍጣፋ ጎን ላይ ማረፉን ያረጋግጡና የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ አድርገው ያጥብቁት።

ባክላሽን መለካትና ምንጩን ማግኘት

አሁን ማሽኑ የሚመለስ ሆኗል። የሚከተለውን በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ለየብቻ ያድርጉ።

1. የዳያሉን ጫፍ በዘንጉ እንቅስቃሴ ትይዩ ያሳርፉና ማሽኑን ወደ ዳያሉ አቅጣጫ 2 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሱ። ይህ ያለውን ክፍተት ወደ አንድ ወገን ይሰበስበዋል። አሁን ዳያሉን ዜሮ ያድርጉ።
2. በዚያው አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። ዳያሉ 1.00 ማንበብ አለበት።
3. በተቃራኒው አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ይመልሱ። ዳያሉ ላይ የቀረው ቁጥር ባክላሽ ነው። 0.15 ካነበበ 0.15 ነው።
4. ይህንኑ በዘንጉ መሐልና በሁለቱም ዳር ይድገሙ። መሐሉ ላይ ብቻ ከበዛ፣ ብዙ የሠራው የስክሩው ወይም የራኩ (ጥርስ ያለው ቀጥ ያለ ብረት) ክፍል በልቷል ማለት ነው።

ቁጥሩን ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው፤ ቦታውን ማግኘት ይቀራል። ስክሩ ባለው ማሽን ላይ የዳያሉን ጫፍ ወደ ስክሩው ራሱ ጫፍ ያዛውሩና አቅጣጫ ያስቀይሩ። ስክሩው በቁመቱ ወደፊትና ወደኋላ ከተነቃነቀ፣ ክፍተቱ ያለው በጫፉ ኩሽኔታ ላይ ነው። የኩሽኔታው ማጥበቂያ ዳዶ በትንሹ ሲጠብቅ አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን ስክሩው ከብዶ ወደ ስቴፕ መጥፋት ይመልስዎታል። ስክሩው ሳይነቃነቅ ጋንትሪው (ስፒንድሉን የተሸከመው ተንቀሳቃሽ ድልድይ) ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ በስክሩው ላይ የሚሄደው ዳዶ አልቋል። የሞተሩ ሻፍት ዞሮ ስክሩው ወዲያው ካልዞረ ኩፕሊንጉ ነው። ቺንጋ በሚጠቀም ማሽን ላይ የቺንጋው መላላት፣ በራክ ማሽን ላይ ደግሞ የፒንየኑ (በራኩ ላይ የሚሽከረከረው ትንሽ ጥርስ ጎማ) ጥርስ ከራኩ ጋር ያለው መራራቅ ይፈተሻል።

ክፍተት የሚመስል ነገር ሁሉ ግን ባክላሽ አይደለም። ሞተሮቹ ኃይል ይዘው ቆመው ሳለ ስፒንድሉን በእጅ ይግፉትና ሲለቁት ዳያሉ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ወደነበረበት ከተመለሰ የማሽኑ አካል ታጥፎ ነበር፤ በተገፋበት ከቀረ ክፍተት ነው። የሚታጠፍን አካል በዳዶ ማጥበቅ አይታረምም፤ ቀጭን ቅጠል ብቻ የሚያነሣ የመጨረሻ ዙር መቁረጥ የተሻለ ያግዛል። ከኮሌቱ (ቢቱን ጨብጦ ከሚይዘው ክፍል) ውጭ የሚቀረውን የቢት ርዝመት ማሳጠርም እንዲሁ ነው፤ ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ የቢቱ መታጠፍ በስምንት እጥፍ ያድጋልና።

በሶፍትዌር ባክላሽን ማካካስ ይቻላል፤ በእኔ ግምት ግን ክፍሉ ተቀይሮ እስኪመጣ ድረስ ለማቆያ ብቻ የሚሆን ነው። ሶፍትዌሩ ዳዶው በየትኛው ጎን እንደተደገፈ ያውቃል ብሎ ያስባል፤ ቢቱ እንጨቱን ነክሶ ጋንትሪውን ሲጎትት ግን ክፍተቱ በመሐል ይገለበጣል።

ዜድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚታዩ ነገሮች

ጥልቀቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ከሞተሩ በፊት ኮሌቱን ይጠርጥሩ። ብናኝ ወደ ላይ የሚያወጣ ጠምዛዛ ቢት በሚቆርጥበት ጊዜ ራሱን ወደ ታች ይስባል፤ የቆሸሸ ወይም ያረጀ ኮሌት ደግሞ ይለቀዋል። ቢቱ ከኮሌቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ በማርከር ምልክት ያድርጉና ከሥራ በኋላ ይዩት። ምልክቱ ወደ ታች ከወረደ ኮሌቱንና የስፒንድሉን ሾጣጣ ክፍል ያጽዱ። የኢአር ዓይነት ኮሌት መጀመሪያ በዳዶው ውስጥ ጠቅ ብሎ መግባት፣ ከዚያ ከዳዶው ጋር ወደ ስፒንድሉ መታሰር አለበት።

ማሽኑ ቆሞ ሲቆይ ዜድ የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ በሥራ ፈትነት ጊዜ ኃይሉ እየተቋረጠበት ነው። ግርብል በተባለው የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ላይ የ$1 ቅንብር ዋጋ 255 ሲሆን ሞተሮቹ ሁልጊዜ ተይዘው ይቆያሉ። በአንዱ ጥግ ጥልቅ በሌላው ጥግ ጥልቀት የሌለው ሥራ ግን የቦታ ስህተት ሳይሆን የጠረጴዛው አለመስተካከል ነው፤ በሰፊ ቢት ፊቱን መላግ በቂ ነው።

የዘንጎቹ ማዕዘን

ሹል ቢት አስረው 600 በ800 ሚሊ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ጥጎች ላይ አራት ነጥቦችን ይውጉ። ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚለኩት ሰያፍ ርቀቶች ሁለቱም 1000 ሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው። የስቴፕ ቁጥሩ ገና ስላልተስተካከለ ሁለቱም ከ1000 ቢያንሱ ወይም ቢበልጡ አሁን አያስጨንቅም፤ የሚፈለገው እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ነው። በመካከላቸው 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ፣ በ800 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 0.83 ሚሊ ሜትር መዛነፍ አለ ማለት ነው።

በሁለት ሞተር የሚገፋ ጋንትሪ ባለው ማሽን ላይ ይህ መዛነፍ ዘላቂ ላይሆን ይችላል፤ አንደኛው ሞተር ብቻውን ስቴፕ ባጣ ቁጥር ጋንትሪው ይጣመማል። ስለሆነም ኃይሉ ጠፍቶ ሁለቱንም ጎን ከመቆሚያው ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ኃይል ይስጡና ነጥቦቹን እንደገና ይውጉ። ልዩነቱ በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ወደ ስቴፕ መጥፋት ክፍል ይመለሱ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ የአንደኛው ጎን መቆሚያ ወይም ሊሚት ስዊች በተሰላው መጠን ይዛወር።

በመጨረሻ የስቴፕ ቁጥር

መጀመሪያ በስሌት ይነሡ፤ በአንድ ዙር ያለው ስቴፕ በማይክሮስቴፑ ተባዝቶ በአንድ ዙር ለሚጓዘው ርቀት ይካፈላል። 200 በ8 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 320፣ ለ40 ሲካፈል ደግሞ 40 ነው። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ቁጥር ከዚህ በእጥፍ ወይም በግማሽ ከራቀ የድራይቨሩ የማይክሮስቴፕ ማብሪያ ማጥፊያዎች በተሳሳተ ቦታ ላይ ናቸው።

ቀጥሎ ሹል በሆነው ቢት 600 ሚሊ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን ይውጉ፤ ወደ ሁለቱም ነጥብ ከአንድ አቅጣጫ ይድረሱ። የቀድሞው ቁጥር በታዘዘው ርቀት ተባዝቶ ለተለካው ርቀት ሲካፈል አዲሱን ቁጥር ይሰጣል። በቺንጋ ማሽን ላይ 599.4 ከተለካ፣ 40 በ600 ተባዝቶ ለ599.4 ሲካፈል 40.04 ይሆናል። ቺንጋ ስለሚለጠጥ እንዲህ ያለ እርማት የሚጠበቅ ነው። በቦል ስክሩ ላይ ግን ሊያጠራጥር ይገባል፤ የተለመደው የሲ7 ደረጃ ስክሩ እንኳ በ300 ሚሊ ሜትር ላይ የሚፈቀድለት ስህተት 0.05 ብቻ ነው። በ600 ላይ 0.6 ከጠፋ ምናልባት መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይም ከፊት ካሉት ደረጃዎች አንዱ አልተጠናቀቀም። የሙቀቱንም ነገር አይርሱ። የ1 ሜትር ብረት ስክሩ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 0.12 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ ልኬቱ የሚወሰደው ማሽኑ ትንሽ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ነው።

አዲሱን ቁጥር አስገብተው ካስቀመጡት በኋላ ነጥቦችን በ200፣ በ400 እና በ600 ላይ እንደገና ይውጉ። በሦስቱም ላይ ስህተቱ በርቀቱ ልክ ከቀነሰ ሥራው ተጠናቋል። በ200 ላይ ትክክል ሆኖ በ400 ላይ በድንገት የሚዘልል ከሆነ ግን ምንም ዓይነት የስቴፕ ቁጥር አያስተካክለውም። እንዲህ ያለው ዝላይ በራክ ማሽን ላይ ሁለት የራክ ቁራጮች ከተገጣጠሙበት ቦታ ይመጣል፤ ሦስተኛ አጭር የራክ ቁራጭ ተገልብጦ ጥርሱ በመጋጠሚያው ላይ እየተነከሰ ሁለቱ ቁራጮች ልካቸውን እንዲይዙ ከተደረገ በኋላ ብሎኖቻቸው ይጠበቃሉ።